ወፎቹ ከእኛ የሚነሱበት ወቅት፦ ከአዲስ አበባ መናፈሻ እስከ ዱስ

በአገራችን «ወፍ ጠባቂ» ሲባል የአብዛኞቻችን ሐሳብ የሚሄደው ማሽላ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን ይዞ፣ ከንጋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ ግሪሳ ሲያባርር ወደሚውል ልጅ ነው። በሌላው ዓለም ግን የሚጠብቁት ሰብል ሳይኖራቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በገዛ ገንዘባቸው ባይናኩላር ገዝተው ጎህ ሲቀድ መናፈሻ ውስጥ ወፍ ሲመለከቱ የሚያረፍዱ ሰዎች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ የባንክ ሠራተኛው ቢሮ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰዓት ይሰርቅና ዛፍ ሥር አንጋጦ ይቆማል። በተለይ በሚያዝያና በግንቦት የለንደን፣ የበርሊንና የኮፐንሃገን መናፈሻዎች በእነዚህ ሰዎች ይሞላሉ። የብርዱን ወራት በሌላ አገር ያሳለፉት ወፎች የሚመለሱት ያን ጊዜ ነውና።

«ሌላ አገር» የተባለው ታዲያ የት ነው? ከመልሶቹ አንዱ እዚሁ እኛ ዘንድ ነው። እነሱ «መጡልን» ብለው የሚደሰቱባቸው ወፎች ብዙዎቹ ከጥቂት ሳምንታት በፊት በእኛ ሜዳ፣ በእኛ ግራርና በእኛ ወንዝ ዳር ስንቃቸውን ሲሰንቁ የነበሩ ናቸው። የአውሮፓ የፀደይ ጉዞ የሚባለው ነገር ከእኛ በኩል ሲታይ መምጣት ሳይሆን መነሳት ነው። ይህ ጽሑፍም ስለዚያ መነሻ ነው።

ስለ ወቅቱ ስም አንድ ነገር እናንሳ። ፀደይ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን መስከረምና አደይ አበባ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ዘመነ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። አርሶ አደሩ ደግሞ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚዘንበውን ዝናብ በልግ ይለዋል። የወፎቹ መተላለፊያ የሚውለው በዚሁ ላይ ነው። ለደቡብ ኦሞ ደግሞ በልግ ትርፍ ዝናብ አይደለም። የዓመቱ ዋና ዝናብ እሱ ነው።

ለምን ይሄዳሉ?

በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከእነዚህ ውስጥ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉት ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ናቸው። ብዙ ሰው ከብርድ ሸሽተው የሚመጡ ይመስለዋል። ላባ ግን ብርድን በደንብ ይችላል። የሚያባርራቸው ርሃብ ነው። የሰሜኑ ምድር በበረዶ ሲሸፈን ነፍሳት ይጠፋሉ፤ ነፍሳት የሚለቅም ወፍ ደግሞ ያለ ነፍሳት አንድ ሳምንት አይቆይም።

«ታዲያ ከመጡ ለምን አይቀሩም?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ደስ ይላል። መልሱ ያለው በቀኑ ርዝመት ላይ ነው። በእኛ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ለማለት ትንሽ ነው የሚቀራቸው። በስካንዲኔቪያ ግን በሰኔ ፀሐይ አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ሰዓት ትወጣለች። አምስት ጫጩት ለምትቀልብ እናት በቀን አምስት ስድስት ተጨማሪ የሥራ ሰዓት ማግኘት ማለት ነው። ከዚያም በላይ እዚህ ቢቀሩ ከእኛው ነባር ወፎች ጋር በጎጆ ቦታና በምግብ ሊሻሙ ነው። ስለዚህ ልጅ ለማሳደግ ወደ ሰሜን፣ ነፍስ ለማቆየት ወደ ደቡብ ይመላለሳሉ።

አካሄዳቸውም ሁለት ዓይነት ነው። ትንንሾቹ የሚበሩት በሌሊት ነው። ሌሊት አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ይረጋጋል፣ ጭልፊትም አያስቸግርም። አቅጣጫቸውን በከዋክብት፣ በፀሐይ መግቢያና በመሬት መግነጢሳዊ ኃይል ይለያሉ። ትልልቆቹ ማለትም ሽመላና ንስር ግን የሚጓዙት ቀን ነው። ክንፍ ማርገብገብ ለከባድ ወፍ ጉልበት ይጨርሳልና ፀሐይ ካሞቀችው መሬት የሚነሳውን ሙቅ አየር እንደ አሳንሰር ተሳፍረው ይወጣሉ፣ ከዚያም ሳያርገበግቡ ረጅም መንገድ ይንሸራተታሉ። ሙቅ አየር ባሕር ላይ ስለማይነሳ ሰፊ ውኃ አይወዱም፤ ጠባቡን መሻገሪያ ይፈልጋሉ። የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር በዓለም ላይ ለእንዲህ ዓይነት ወፎች ሁለተኛው ትልቁ መተላለፊያ የሚባለውም ለዚህ ነው። በዓመት 37 ዝርያ ያላቸው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ትልልቅ ወፎች ያልፉበታል።

የሚገርመው መሄጃቸውና መመለሻቸው አንድ አለመሆኑ ነው። በመስከረምና በጥቅምት ከየመን በባብ ኤል ማንደብ ጠባብ ባሕር ተሻግረው በጅቡቲ በኩል ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በዚያ በኩል የተቆጠሩት አዳኝ አሞሮች ብቻ ሩብ ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በፀደይ ሲመለሱ ግን ከእነሱ ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ የእስያው የሜዳ ንስር፣ ወደ ሰሜን ቀጥ ብለው በስዊዝ በኩል ይወጣሉ። ስለዚህ በመስከረም የታየ ወፍ በሚያዝያም እዚያው ቦታ ይታያል ማለት አይደለም።

በሰፈርዎ ያለው

አዲስ አበባ ላለ ሰው ነገሩ ሩቅ አይደለም። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል፣ በእንጦጦ፣ በብሔረ ጽጌ መናፈሻ ወይም በስድስት ኪሎ ዛፎች ሥር ጠዋት ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ከሰሜን የመጣ እንግዳ ያያል። ለውኃ ወፎች ደግሞ የገፈርሳ ግድብና የአቃቂ ረግረግ አሉ። ችግሩ ወፎቹ አለመኖራቸው ሳይሆን ስም አለመኖሩ ነው። በአማርኛ በቂ ስም ያለው የምንበላው ወፍ (ቆቅ፣ ጅግራ)፣ እህላችንን የሚበላው (ግሪሳ)፣ ሥጋ የሚነጥቀን (ጭልፊት) እና መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የተጠቀሰው ነው። የቀረው በሙሉ «ወፍ» ነው። ሽመላ ጊዜዋን እንደምታውቅ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 8 ላይ ያነበብን ሰዎች ሽመላዋ በየትኛው ሳምንት ከአገራችን እንደምትነሳ አንጠይቅም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ መስቀል ወፍም እንናገር። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ወዳጅን «እንደ መስቀል ወፍ» እንለዋለን። ብዙ ጊዜ በዚህ ስም የሚጠሩት በመስከረም ሜዳ ላይ የሚታዩት ደማቅ ቢጫና ጥቁር፣ ወይም ቀይና ጥቁር ወንዶቹ ወፎች ናቸው። እነዚህ ግን ከየትም አልመጡም፣ የትም አይሄዱም። በክረምቱ ማብቂያ ሣሩ ሲያፈራ ለሚዜነት የሚለበሰውን ልብስ ይለብሳሉ፤ ወቅቱ ሲያልፍ አውልቀው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ፤ እኛም ጠፉ እንላለን። እውነተኛ ተጓዦቹ ግን አጠገባችን ስድስት ወር ተቀምጠው ስም ሳናወጣላቸው ይሄዳሉ።

ጂንካ፦ ሜዳ ማለት ባዶ ማለት አይደለም

ነገሩ ከአዲስ አበባ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን ወደ ደቡብ ሲወርዱ ነው። ከዋና ከተማው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው ጂንካ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,400 ሜትር ከፍ ብላ በአሪ ተራሮች ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከበስተጀርባዋ ደጋው፣ ከፊቷ ወደ ማጎ ፓርክና ወደ ኦሞ የሚወርደው ቆላ። ከደቡብ ለሚመጣ ወፍ ሞቃቱ ቆላ አልቆ አረንጓዴው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ናት።

ጂንካን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የድሮውን የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ያውቀዋል። ከተማው መሐል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነው፤ ከተማዋ ያደገችውም ዙሪያውን ነው። አውሮፕላን በማይኖርበት ሰዓት ከብት የሚግጥበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ገበያተኛ የሚያቋርጠው ነበር። አስፋልት ያለው አዲሱ ማረፊያ ከተሠራ ወዲህ ግን እንዲህ ያለ ሜዳ ለአልሚ ዓይን «ባዶ መሬት» ነው። ለወፍ ዓይን ግን መናፈሻ ማለት ይህ ነው። መናፈሻ ሲባል እኛ የምናስበው ንጣፍ ድንጋይ፣ የውኃ ፏፏቴና የተቆረጠ አጥር ነው። ከሰሜን ለመጣች ወፍ ግን ፏፏቴ ምኗም አይደለም። እሷ የምትፈልገው አጭር ሣር፣ እበትና እበቱ የሚያመጣውን ዝንብ ነው።

ከብት የሚግጥበትን ሜዳ በመጋቢት ጠዋት ያዩ እንደሆነ በላሞቹ እግር መሐል እየሮጡ ረጅም ጭራቸውን የሚወዘውዙ ቀጫጭን ወፎች አይጠፉም። ቢጫ ጭራ ወዝዋዥ እንበላቸው። በኅዳር ወር ደብዛዛ ነበሩ። በየካቲትና በመጋቢት ወንዶቹ ላባ ይቀይሩና ሆዳቸው እንደ አደይ ይደምቃል። ጠጋ ብለው ጭንቅላታቸውን ይመልከቱ፦ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ሰማያዊ ነገር ነው። ዝርያቸው አንድ ሆኖ አገራቸው ይለያያል። ጥቁር ራስ ያለው ወደ ባልካንና ወደ ቱርክ፣ ግራጫው ወደ ስካንዲኔቪያ ነው የሚሄደው። አንድ የጂንካ በሬ ሥር የሦስት አገር ዜጎች ይሰበሰባሉ ማለት ነው። መነሻቸውም አንድ ቀን አይደለም፤ በረዶው ቀድሞ የሚቀልጥለት ወደ ደቡብ የሚቀርበው ቀድሞ ይነሳል፣ የሰሜኑ ይቆያል። ማን መቼ ከሜዳው እንደጠፋ በየቀኑ የጻፈ የጂንካ አስተማሪ ቢኖር የአውሮፓን በረዶ አቀላለጥ ከዚህ ሆኖ ይገምት ነበር።

ሜዳው ላይ ሌሎችም አሉ። አጭር ጉብታ ላይ እንደ ዘብ ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ስትበር ነጭ ወገቧን የምታሳይ ወፍ አለች። ዝናብ ሊጥል ሲል ከሣሩ አንድ ክንድ ከፍ ብለው እየተሻገሩ ዝንብ የሚለቅሙት ጭራቸው እንደ መቀስ የተከፈለው ጨረባዎች ናቸው። ከበላይ ደግሞ ከወደ ሰማዩ «ፕሩፕ ፕሩፕ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ዓይንን ወደ ላይ መላክ ነው። ብዙ ቀለም ያላቸው የአውሮፓ ንብ በሊታዎች በቡድን እያለፉ ነው። ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ለዚህ ምቹ ነው። ሰዎች ወደዚያ የሚወጡት የአካባቢውን ሕዝቦች ባህል ለማየት ነው፤ የግቢው አፋፍ ግን ከከተማው በላይ የሚያንዣብበውን አሞራ ከጎን ለማየት የሚያስችል ነው። አሞራን ከሥር አንጋጦ ከማየት ይልቅ ከጎን ማየት እንዴት እንደሚያቀል የሞከረው ያውቃል።

የአንድ ግራም መሣሪያ የነገረን

የዚህ ሁሉ ክብደት የታወቀው በቅርቡ ነው። የኮፐንሃገንና የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዴንማርክና በስዊድን የሚፈለፈሉ ሁለት ትንንሽ ወፎች ላይ አንድ ግራም ያህል የምትመዝን መሣሪያ አሰሩ። አንደኛዋ ቀይ ጀርባ ሽራይክ የምትባለው ናት። ወንዱ ጀርባው ቀላ ያለ፣ ዓይኑ ላይ እንደ ሽፍታ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ፣ ክብደቱ ሠላሳ ግራም ገደማ የሆነ ወፍ ነው። አንበጣና ጥንዚዛ ይዞ የተረፈውን እንደ ልኳንዳ ቤት እሾህ ላይ ይሰቅለዋል። ሁለተኛዋ በዘፈኗ የታወቀችው የናይቲንጌል ዘመድ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ የምትደበቅ ቡናማ ወፍ ናት።

መሣሪያዋ ከሳተላይት ጋር አትነጋገርም። የምትሠራው ብርሃን መመዝገብ ብቻ ነው። ፀሐይ ስንት ሰዓት ወጣች፣ ስንት ሰዓት ገባች የሚለው ከታወቀ ወፏ ያን ቀን በምን ኬክሮስና ኬንትሮስ እንደነበረች ማስላት ይቻላል። ጉዱ ግን ወፏ በዓመቱ ተመልሳ ካልተያዘች መረጃው አይገኝም።

ከተመለሱት የተገኘው ይህ ነው። ወፎቹ የብርዱን ወራት በደቡባዊ አፍሪካ ካሳለፉ በኋላ ሲመለሱ በመጡበት በሱዳን በኩል አይሄዱም። ወደ ምሥራቅ ታጥፈው በአፍሪካ ቀንድ ያልፋሉ፣ እዚህም በሚያዝያ ቆም ብለው ይሰንቃሉ። ከዚህ በኋላ የሚጠብቃቸው የዓረብ በረሃ ነውና ስብ ሳይዙ አይነሱም። ስቡ የሚገኘው ከነፍሳት፣ ነፍሳቱ ከቅጠል፣ ቅጠሉ ከበልግ ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአፍሪካ ቀንድ ዝናቡ ቀረ። በዚያ ዓመት ወፎቹ እዚህ ከወትሮው ረዝመው ቆዩ፣ ስንቁ አልሞላ አላቸውና፤ ስካንዲኔቪያም የደረሱት ዘግይተው ነው። ጥናቱ በ2012 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተያዘውን የመድረሻ ቀን መዝገብ ሲያገላብጡ እንዲህ ያለ መዘግየት የታየበት ሌላ አንድ ዓመት ብቻ አገኙ። 1984። በእኛ አቆጣጠር የ1976 በልግ ማለት ነው፤ «የሰባ ሰባት ድርቅ» ብለን የምንጠራው ጥፋት ዋዜማ።

ልብ ይበሉ፣ ያን መዝገብ የያዙት በአብዛኛው ተራ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ይህን ወፍ አየሁ ብለው ቀን የጻፉ። እኛ በድርቁ ያጣነውን ስንቆጥር እነሱ ደግሞ በሌላው ጫፍ የዘገየች ወፍ ቆጠሩ፤ ሁለቱ አንድ ታሪክ መሆናቸው የታወቀው ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። በመካከል የጎደለው እዚህ፣ በመቆሚያው ቦታ፣ ተመሳሳይ መዝገብ የያዘ ሰው ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅት በደቡቡና በምሥራቁ ቆላ ሲከሽፍ፣ በቦረናና በዳሰነች ከብት ሲያልቅ፣ ነገሩ ተደግሟል።

ዱስ

ከጂንካ በቀይ አፈርና በዲመካ አቅጣጫ ቆላውን ወርዶ እስከ ኦሞ ወንዝ የዘለቀ ሰው የካራ ሕዝብ መንደሮች የሆኑትን ኮርቾን፣ ላቡክንና ዱስን ያገኛል። ዱስ በወንዙ ምሥራቃዊ ዳር ናት፤ ከፍታዋ ከ500 ሜትር በታች ነው። ወንዙ ዳር ሾላና ሮቃ ያለበት ጥቅጥቅ ያለ ቀጭን ደን አለ፤ ከደኑ ወጣ ሲሉ ወዲያው ግራርና እሾህ ይጀምራል። ለአንድ ወፍ ተመልካች ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ አይገኝም፤ ቀይ ጀርባዋ ሽራይክ እሾሁን ትወዳለች፣ ናይቲንጌሏ ጥቅጥቁን፣ ንብ በሊታው የወንዙን አየር። ሁሉም በግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ውስጥ ናቸው።

ወደ ካራ የሚሄድ ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ሰው ፎቶ ለማንሳት ነው። በነጭ ኖራና በአፈር ቀለም የተነጠበጠበ ገላ በፖስትካርድ ዓለምን የዞረ ነው። የማይነገረው ነጠብጣቡ ብዙ ጊዜ የጅግራን ላባ የሚመስል መሆኑ ነው። ጅግራን እንዲህ አድርጎ ገላው ላይ ለመሳል መጀመሪያ በደንብ ያየው ሰው ያስፈልጋል። በእኔ ግምት በደቡብ ኦሞ ከሁሉ የተሻሉት ወፍ ተመልካቾች ባይናኩላር የያዙት አይደሉም፤ ማማ ላይ የዋሉት ልጆች ናቸው። ግሪሳ ከሌላ ትንሽ ወፍ በምን እንደሚለይ፣ ከየት አቅጣጫ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ ውኃ የሚጠጣው የት እንደሆነ እነሱን መጠየቅ ነው።

ግሪሳ ቀልድ አይደለም። በዓለም ላይ ካሉ የዱር ወፎች በቁጥር አንደኛው እንደሆነ ይነገርለታል። አንዱ ወፍ በቀን አሥር ግራም ያህል እህል ይበላል፤ ሁለት ሚሊዮን የሚሆን መንጋ በአንድ ቀን ሃያ ቶን ይጨርሳል ማለት ነው። መንግሥታት የሚመርጡት መፍትሔ ማደሪያውን በአውሮፕላን መርጨት ነው፤ በአገራችንም ሲሠራበት የቆየ ነው። መርዙ ግን ግሪሳውን ከጨረባዋና ከንብ በሊታው አይለይም፤ የተመረዘውን ግሪሳ የበላ ጭልፊትም አይተርፍም። የልጁ ወንጭፍ ቢያንስ ማንን እንደሚያባርር ያውቃል። ልጁ ትምህርት ቤት መዋል አለበት የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ማሽላውን ማን ይጠብቅ የሚለው ግን ያልተመለሰ ጥያቄ ሆኖ ይቀራል።

ዱስን ዱስ ያደረጋት ወንዙ ነው። ካራዎች ኦሞ በክረምት ሞልቶ ዳሩን ካለበሰው በኋላ ሲሸሽ ጥሎት የሚሄደው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ። ያንኑ ዳር የሚፈልግ ሌላ ነዋሪም አለ። ቀዩ ንብ በሊታ ነው፤ ገላው እንደ በርበሬ የቀላ፣ ራሱ ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነ፣ ከአፍሪካ የማይወጣ ነገር ግን በአፍሪካ ውስጥ ዝናብ ተከትሎ የሚዞር ወፍ። ጎጆው ዛፍ ላይ አይደለም። ቀጥ ብሎ በተቆረጠ የወንዝ ገደል ላይ ረጅም ቀዳዳ ይቆፍራል፤ መቶዎች ሆነው ጎን ለጎን ስለሚቆፍሩ ገደሉ ወንፊት ይመስላል። በማጎና በኦሞ ሜዳ ላይ ደግሞ ኮሪ ባስተርድ በተባለው ትልቅ የምድር ወፍ ጀርባ ላይ፣ ወይም በፍየልና በላም ጀርባ ላይ ተቀምጦ ሲሄድ ይታያል። እንስሳው ከሣር የሚያስነሳውን አንበጣ ይለቅማል፣ እግር አያደክምም።

ገደሉ ቀጥ ብሎ እንዲኖር ወንዙ በየጊዜው ግርጌውን መቦርቦር አለበት። ያልተቦረቦረ ገደል እየተናደ ተዳፋት ይሆናል፣ ቁጥቋጦ ያበቅላል፣ ለእባብ መወጣጫ ይሆናል። ቁመቱ 243 ሜትር የሆነው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ጀምሮ በታኅሣሥ 2009 ከተመረቀ ወዲህ በወቅቱ የሚመጣው መደበኛ ጎርፍ እንደ ድሮው አልሆነም። የግድቡ 1,870 ሜጋ ዋት ለአገር የሚሰጠው ጥቅም የታወቀ ነው፤ እዚህ የሚነሳው ክርክር የእሱ አይደለም። ነገር ግን ስለ ኦሞ ጎርፍ ሲወራ የሚነሱት ማሽላውና ዓሣው ናቸው፤ ገደሉ አይነሳም። በዱስና በኮርቾ መካከል ያለውን የገደል ቀዳዳ በየዓመቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ መቁጠር ደግሞ ዶክትሬት አይጠይቅም። ጀልባ፣ እርሳስና ማማ ላይ ያደገ ዓይን ይበቃል። ወንዙ ምን እየሆነ እንደሆነ ከብዙ ሪፖርት በፊት ቀዳዳዎቹ ይናገራሉ።

መጀመር ለሚፈልግ

የመጀመሪያው ዕቃ ደብተር ነው። ባይናኩላር ሲገዙ 8 በ42 የሚባለው ለጀማሪ የተሻለ ነው፤ የበለጠ የሚያጎላው እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉንም ያንቀጠቅጣል። መጽሐፍ ከተባለ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መለያ፣ የሬድማን፣ የስቲቨንሰንና የፋንሾ ሥራ፣ ሥዕሉ ብቻውን ዋጋውን ያወጣል። «መርሊን» የተባለው የስልክ መተግበሪያ የአገሩን ጥቅል ቀድመው ካወረዱ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል፤ ዱስ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። «ኢበርድ» የተባለው ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል ያቋቋመው የዓለም መዝገብ ነው፤ ያዩትን እዚያ ሲያስገቡ ተመራማሪው ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ ያሳተመ ነው፤ ማጎና ኦሞ ፓርኮች ከዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ለመማር ከአባላቱ ጋር መውጣት ከመጽሐፍ ይበልጣል።

ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው። ቆላ ላይ ከዚያ በኋላ ወፉም ሰውም ጥላ ይፈልጋል። በሚያዝያ ጥቁር አፈር የዘነበበት መንገድ መኪና ይዞ ስለሚቀር ከጂንካ ከመነሳትዎ በፊት ስለ መንገዱ መጠየቅ ግድ ነው። ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር ይሂዱ፤ የመንደሩን ክፍያ ይክፈሉ። በተለይ ይህን አይርሱ፦ ለካራ እናት ባይናኩላር ካሜራ ነው። ወደ ቤቶቹ አቅጣጫ ከማንሳትዎ በፊት ያሳዩዋቸው፣ ራሳቸው ይዩበት። ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ወፉ የት እንዳለ የሚነግሩዎት እነሱ ናቸው።

የዓለም ተጓዥ ወፎች ቀን የሚከበረው በግንቦትና በጥቅምት ወር በፈረንጆቹ ሁለተኛ ቅዳሜ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. የ2025 መሪ ሐሳብ ለወፍ የሚመቹ ከተሞችን ስለ መፍጠር ነበር። የግንቦቱ ቀን በእኛ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት መጀመሪያ ላይ ይውላል። ያን ጊዜ ደብተርዎን ካልጀመሩ ዘግይተዋል፤ ቢጫዎቹ ከጂንካ ሜዳ ተነስተዋል፣ ሽራይኮቹም አብዛኞቹ ከግራሩ ላይ የሉም። «ምንም አላየሁም» ብሎ ቀንና ቦታ ጽፎ መፈረም ግን ያኔም ይቻላል፤ ባዶው መስመር ወፎቹ በየትኛው ሳምንት እንደሄዱ የሚያሳየው እሱ ነው።